«ሌላ ካለ ይጠቀስ»፦ ማኅበራዊ ሳይንስ ተምሮ ወደ ዓለም አቀፍ የጤና ሥራ እንዴት ይገባል?

ከስድስት ኪሎ በሶሲዮሎጂ በተመረቅኩ በአራተኛው ወር አንድ የጥናት ቡድን ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገባሁ። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ በቅርቡ የወለዱ እናቶችን መጠየቅ ነው። አንዱ ጥያቄ «ጤና ጣቢያ ሄደው ያልወለዱት ለምንድን ነው?» ይላል። ከሥሩ ምርጫዎቹ ተደርድረዋል፤ ርቀት፣ ትራንስፖርት፣ ገንዘብ፣ ባል አልፈቀደም። መጨረሻ ላይ «ሌላ ካለ ይጠቀስ» የሚል አጭር ሰረዝ አለ።

አንዲት እናት ልጇን እያጠባች «እዚያ ገንፎዬን ማን ያገነፋልኛል?» አለችኝ። መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ። አልቀለደችም። እሷ የምታውቀው ወሊድ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እልል ተብሎ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚጠብቃት ቀዝቃዛ አልጋና «ዘመድ ውጪ ይጠብቅ» የሚል ድምፅ ነው። መልሷ ሰረዙ ላይ ስላልበቃኝ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩት። ማታ ሱፐርቫይዘሩ አየውና «ይሄ ኮድ የለውም» ብሎ አለፈው።

ዛሬ በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ርቀው የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ በእናቶች ማቆያ ያርፋሉ። ይህን ያመጣው የእኔ ወረቀት አይደለም። በየቦታው እንዲህ ያለውን መልስ ቆም ብለው ያደመጡ ሰዎች ናቸው ያመጡት። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ጂኦግራፊ ወይም ፍልስፍና ተምራችሁ «ጤና የሐኪሞች ነው» ብላችሁ ለተቀመጣችሁ ነው። ሐኪም የመጣለትን ሰው ያክማል። የሕብረተሰብ ጤና ሰፈርተኛው ለምን እንደሚታመም፣ ታሞም ለምን እንደማይመጣ ይጠይቃል። የኋለኛው ጥያቄ የእናንተ ነው።

1. መጀመሪያ በሩ ክፍት መሆኑን እወቁ

ቴድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው ሐኪም ያልሆኑ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ከአሥመራ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ነው። ከ1980 እስከ 1995 ዩኒሴፍን የመሩት ጄምስ ግራንት ደግሞ የተማሩት ኢኮኖሚክስና ሕግ ነው። ክትባትና ኦአርኤስ (ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ዱቄት) በየአገሩ ሕፃናት ዘንድ እንዲደርሱ በዓለም ደረጃ የገፉት እኚህ ሰው ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን ያሳመነኝ የምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ከ11,000 በላይ ሞቱ። ቫይረሱ ከሟች አስከሬንም ይተላለፋል። ስለዚህ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች መጥተው አስከሬኑን በከረጢት አድርገው ይወስዱ ጀመር። ቤተሰብ አስከሬን መደበቅ ጀመረ። አንዳንድ ቦታ ቡድኖቹ በድንጋይ ተባረሩ።

እስኪ የራሳችሁን ዕድር አስቡት። ድንኳን ሳይተከል፣ ፍትሐት ሳይደረግ፣ ሶላተል ጀናዛ ሳይሰገድ፣ እናታችሁን የማታውቁት ሰው በከረጢት ይዟት ቢሄድ ዝም ትላላችሁ? አንትሮፖሎጂስቶች ተልከው ሰውን አዳመጡ። በ2014 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የአቀባበር መመሪያ አወጣ። ቤተሰብ ከርቀት ሆኖ እንዲያይ፣ ቄስ ወይም ኢማም እንዲጸልይ፣ ሟቹ በክብር እንዲቀበር። ቫይረሱ ያው ነው፣ ከረጢቱም ያው ነው። የተለወጠው ለሰው የተሰጠው ክብር ነው፤ ሰውም መተባበር ጀመረ።

የሥራዎቹ ስም ብዙ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ ስታዩ እንዳይጠፋችሁ ልጥቀስ። የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ የጤና ተግባቦት፣ ክትትልና ግምገማ (በሥራው ዓለም «ኤም ኤንድ ኢ» ይሉታል)፣ ዓይነታዊ ጥናት ወይም «ኳሊቴቲቭ» (ከቁጥር ይልቅ በቃለ መጠይቅና በማዳመጥ የሚሠራ)፣ የፕሮፖዛል ጽሑፍ፣ የጤና ፖሊሲ።

2. አንድ ችግር ምረጡና ቁጥሩን አንብቡ

«ጤና ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ብቻውን የትም አያደርስም። የእናቶች ጤና፣ ወባ፣ ቲቢ፣ የአእምሮ ጤና፣ የንጹሕ ውኃ ጉዳይ፣ ክትባት፤ አንዱን ያዙ። ለስድስት ወር እሱኑ ብቻ አንብቡ።

ንባቡን ከአገር ቤት ጀምሩ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ሪፖርቶች፣ እ.ኤ.አ. የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016፣ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። ወፍራም ናቸው፤ ሁሉን አታንብቡ። የመረጣችሁትን ምዕራፍ ብቻ አውርዱ።

ለምሳሌ በጤና ተቋም መውለድን እንውሰድ። በ2005 5 በመቶ፣ በ2011 10 በመቶ፣ በ2016 26 በመቶ ነበር። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ 48 በመቶ ደረሰ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን የ2016ቱን በክልል ክፈሉት፤ አዲስ አበባ 97 በመቶ፣ አፋር 15 በመቶ። ከዚያ የ2011ዱን ሪፖርት ገልጣችሁ ያልሄዱት እናቶች የሰጡትን ምክንያት እዩ። ከአሥሩ ስድስት ያህሉ «አያስፈልግም» አሉ። ሦስት ያህሉ ደግሞ «አልተለመደም» አሉ። «አያስፈልግም» የሚል መልስ ምን ማለት ነው? በመድኃኒት አይመለስም፣ በአምቡላንስም ብቻ አይመለስም። ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ሁለት ገጽ ጻፉ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደማይነግረን፣ ምን ቢጠየቅ እንደሚሻል። ይቺ ሁለት ገጽ በኋላ ለሥራም ለስኮላርሺፕም የምታሳዩት የመጀመሪያ ሥራችሁ ትሆናለች።

አገሪቱ ራሷ የሠራችውንም እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን መደበ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ነው። ብዙ አገሮች ልምድ ሊቀስሙ የመጡበት ነው። የውጭ ሰው ስለዚህ ሲጠይቃችሁ መመለስ ካቃታችሁ ያሳፍራል።

3. ቁጥር አትፍሩ

ከእኛ ዘርፍ የወጣ ሰው ትልቁ ድክመት ይሄ ነው። «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም» የሚለውን አባባል ዛሬውኑ ጣሉት። ሐኪም እንድትሆኑ የሚጠብቅ የለም። ሠንጠረዥ ማንበብና መሥራት ግን ግድ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በ2016ቱ ዳሰሳ የእናቶች ሞት 412 ነው። ከምን? ብዙ ሰው «ከ100,000 እናቶች» ይላል። ልክ አይደለም። በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ያሳሳተ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

በኤክሴል ጀምሩ። ቀጥሎ «አር» የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ያዙ፤ ነፃ ነው። መጠይቅ በስልክ ለመሥራት «ኮቦ» አለ፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበትን «ዲኤችአይኤስ ቱ» ቢያንስ ምን እንደሆነ እወቁ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ምቹ ነው፤ ቤት ውስጥ ጸጥታ ለሌለው ሰው በተለይ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለሦስት ወር። የዓለም ጤና ድርጅት አካዳሚ ነፃ ኮርሶችም አሉት። ሠርተፊኬት ማከማቸት ግን ዋናው ነገር አይደለም። አንድ ኮርስ ጨርሳችሁ አንድ ሠንጠረዥ በእጃችሁ ብትሠሩ ይበልጣል።

4. መስክ ውረዱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሰው የሚሠራው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው በር መረጃ ሰብሳቢነት ነው። ሥራው ጊዜያዊ ነው፤ ክፍያው በቀን አበል ነው፤ ጫማ ይጨርሳል። ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሰው ነው። ያስተማሯችሁን የስድስት ኪሎ መምህራን ጠይቁ። ጥቁር አንበሳ ያለው የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪና የዶክትሬት ተማሪዎች ለጥናታቸው ሁልጊዜ ጠያቂ ይፈልጋሉ። ስትጽፉ ረጅም ሰላምታ አታብዙ። «በዚህ ተመርቄያለሁ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ፣ ኮቦ መጠቀም እችላለሁ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ መውጣት እችላለሁ» ይበቃል። ከአማርኛ ሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት።

ከመስክ በፊት የጥቂት ቀን ሥልጠና አለ። ቀጥሎ ሙከራ ይደረጋል። እዚህ ላይ ነው ቋንቋ የተማረ ሰው የሚለየው። አንድ ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» ይል ነበር። እናትየው ቤይሩት ያለችውን ልጇን፣ አዲስ አበባ የሚሠራውን ወንድሟን ሁሉ ቆጠረች። መጠይቁ የፈለገው «በዚህ ቤት አብረው የሚበሉና የሚያድሩ» ሰዎችን ነበር። ያን ጥያቄ ማስተካከል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሳይስተካከል ቢሄድ ግን የስንት ሺህ ቤት መረጃ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ስታገኙ በትሕትና፣ ግን በግልጽ ተናገሩ። ስማችሁ የሚያዘው በዚህ ነው።

መስክ ላይ ሁለተኛው ነገር ተጠያቂዋን ብቻዋን ማነጋገር ነው። ስለ ወሊድ መከላከያ እየጠየቃችሁ አማቷ አጠገቧ ከተቀመጡ መልሱ የአማቷ መልስ ነው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከምራትዎ ጋር ትንሽ ብቻችንን ብንነጋገር ይፈቅዱልኛል?» በሉ። ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ካልፈቀዱ ያን ክፍል ዝለሉትና ማስታወሻ ጻፉ። ሴትየዋ ማታ እዚያው ቤት ነው የምታድረው።

ሦስተኛ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ወረቀት መሙላት የሚባል ነገር አለ። ሰው ሲደክመው፣ ፀሐይ ሲበረታ ይፈትናል። አታድርጉት። አሁን ታብሌቱ ቦታውንና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ትያዛላችሁ። ባትያዙም ግን በዚያ የሐሰት መልስ ላይ ተመሥርቶ ክትባት ወዴት እንደሚሄድ ይወሰናል። ይህን ሁልጊዜ አስታውሱ።

ማታ ማታ አንድ ገጽ ጻፉ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ ቅጹ ላይ ያልገባውን። የሰውን ስም ግን አታስገቡ። ድምፅ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከተሰጣችሁም በደስታ ተቀበሉ። የአንድ ሰዓት ድምፅ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ አሰልቺ ነው። ጥሩ አጠያየቅን ከመጥፎው ለይቼ የተማርኩት ግን የሌሎችን ድምፅ እየገለበጥኩ ነው።

5. ከተማው ውስጥ ያሉትን በሮች እወቁ

አዲስ አበባ መኖራችሁ ትልቅ ዕድል ነው። የሌላ አገር ወጣት ጄኔቫ ለመሄድ ይጨነቃል። እኛ ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዘን እስጢፋኖስ ጋ ስንደርስ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። በሜክሲኮ አልፈን የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት እንደርሳለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የአፍሪካ በሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ማለትም አፍሪካ ሲዲሲ፣ ዋና መቀመጫው እዚሁ ከተማ ነው። በ2023 በከተማዋ ደቡብ አዲስ ሕንፃ ተመርቆለታል።

ለጀማሪ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ለአንድ ዓመት ይወስዳል። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ደግሞ በአገር ውስጥም በውጭም ይመድባል፤ ወርሃዊ የኑሮ ድጎማ ይከፍላል። ድረ ገጹ ላይ ተመዝገቡና መረጃችሁን በየጊዜው አድሱ። የተባበሩት መንግሥታት ቋሚ ሥራዎች ውስጥ «ናሽናል ኦፊሰር» የሚባለው ደረጃ ለአገሩ ዜጋ ብቻ የተተወ ነው። ከመላው ዓለም ሰው ጋር አትወዳደሩም ማለት ነው። መጀመሪያ ዓይናችሁን እዚያ ላይ ጣሉ።

አገር በቀል ድርጅቶችን አትናቁ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ የስብሰባ አዳራሽ ስታስይዙ ልትከርሙ ትችላላችሁ። ትንሹ ጋ ግን በሦስተኛው ወር ሪፖርቱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ማስታወቂያ የሚወጣው በሪፖርተር ጋዜጣ፣ በኢትዮጆብስና በቴሌግራም ቻናሎች ነው። ቴሌግራም ላይ ተጠንቀቁ። «ለምዝገባ ይህን ያህል ብር አስገቡ» ካለ ሌባ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በምንም ደረጃ ከአመልካች ገንዘብ አይቀበልም።

ፈረንሳይኛ ተማሩ። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው። አፍሪካ ሲዲሲ ውስጥ ኪንሻሳ ደውሎ በፈረንሳይኛ መነጋገር የሚችል ኢትዮጵያዊ ተፈላጊ ነው።

6. ሲቪያችሁን በሥራ ሙሉት

«ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም» የሚለውን አጥፉት። ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ እንዲህ በሉ፦ «በሁለት ወረዳዎች ከእናቶች ጋር 46 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ 12ቱን ገልብጬ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜያለሁ፤ የመጠይቁን የአማርኛ ትርጉም አርሜያለሁ።» ቁጥሩ የራሳችሁና እውነተኛ ይሁን። ሁለት ገጽ ይበቃል።

የሥራ ማስታወቂያውን መስመር በመስመር አንብቡ። የሚጠይቁትን ቃል ራሱን ተጠቀሙ። ዲግሪያችሁንም አትደብቁ። ታሪክ የተማረ ሰው «ማኅደር አገላብጬ፣ የሚጋጩ ምንጮችን አመዛዝኜ፣ 80 ገጽ ጽፌያለሁ» ማለት ይችላል። ይህ የጥናት ችሎታ ነው።

7. ሁለተኛ ዲግሪ፦ መቼና የት?

ወዲያው አትሂዱ። ሁለት ዓመት ሥሩ። መጀመሪያ የምትወዱትን ታውቃላችሁ። ሁለተኛ ስኮላርሺፖቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ይህም የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት ወደ አገር እንድትመለሱ ያስገድዳል። የጀርመኑ ዳአድ ለልማት ነክ ትምህርቶቹ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪያችሁም ከስድስት ዓመት በላይ እንዲቆይ አይፈልግም። ኢራስመስ ሙንዱስ ደግሞ በሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች ያስተምራል።

አገር ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና ለመማር ካሰባችሁ የመግቢያ መስፈርቱን ቀድማችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዲግሪ ከጤና ዘርፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነው። መውጫ አለው። በሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ በሥነ ሕዝብ ጥናት ወይም በሶሻል ወርክ ገብታችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በጤና ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። ውጭ አገር ግን የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች ከሌላ ዘርፍ የመጣን ሰው በብዛት ይቀበላሉ። እዚያም ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታትስቲክስ (የበሽታ ስርጭት ጥናትና የጤና ስታትስቲክስ) አይቀሩላችሁም፤ ቁጥር አትፍሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የወረቀቱ ጣጣ። ቴምፖ (ጊዜያዊውን የዲግሪ ወረቀት) ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት የወጪ መጋራቱ ጉዳይ መዘጋት አለበት። ከዚያ የትምህርት ማስረጃው ይረጋገጣል፣ የውጭ ጉዳይ ማኅተምም ሊያስፈልግ ይችላል። የልደት ሠርተፊኬት አለ፣ ፓስፖርት አለ። ስማችሁ በአንዱ ሰነድ ላይ «ሀይሉ»፣ በሌላው «ኃይሉ» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን በሁሉም አንድ ካልሆነ መከራ ነው። እኔ በአንድ ፊደል ምክንያት አንድ ዙር አምልጦኛል። ማመልከቻው ከመከፈቱ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ።

ድጋፍ ለሚጽፉላችሁ ሰዎችም ጊዜ ስጡ። ለመምህራችሁ ሲቪያችሁንና ከእሳቸው ጋር የሠራችሁትን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ላኩላቸው። ሦስት ሳምንት ቀድሞ።

8. ከአንድ ለጋሽ ጋር ብቻ አትታሰሩ

በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ድንገት አቆመ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። አዲስ አበባ ውስጥ ዓርብ ዕለት ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ሰኞ «ሥራ አቁሙ» የሚል ኢሜይል አገኙ። የማውቃቸው ባልና ሚስት ሁለቱም በአንድ ፕሮጀክት ነበሩ፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍል ጠፋ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። መስኩን ስትመርጡ ዓይናችሁን ከፍታችሁ እንድትመርጡ ነው።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ገንዘቡ ከማን ነው? መቼ ያልቃል? የሦስት ወር ኪራይ ቀስ እያላችሁ አጠራቅሙ። የመንግሥትን መዋቅር፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ጤና ቢሮውን በሚገባ እወቁ፤ ፕሮጀክት ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ። የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ በሚያደርገው ጉባኤ ላይ ተገኙ፤ የሌላ ድርጅት ሰው የምታውቁት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእነዚያ ወራት ተምሬያለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን እዚያው እያላችሁ፣ በየዓመቱ አስጽፉ። የሥራ መደቡ፣ የሠራችሁበት ቀንና ዝርዝር ተግባሩ ይግባበት። ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ፊርማውን የሚፈርም፣ ማኅተሙን የሚመታላችሁ ሰው አይገኝም።